የጦር መሣሪያ፣ ሕግና ቤተሰብ በከሚሴና በአካባቢው

መግቢያ

በአገራችን ጠመንጃ ከመሣሪያነቱ በላይ ብዙ ትርጉም ያለው ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ለባላገሩ የወንድነት ምልክት፣ የምሰሶ ጌጥ፣ በክፉ ቀን የሚሸጥ ሀብት፣ ለልጅም የሚተላለፍ ውርስ ነው። ይሁን እንጂ ቤትን ይጠብቃል ተብሎ የተገዛው ይኸው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ የገዛውን ቤት ያፈርሳል። ልጅ ሲጫወትበት ይባርቃል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከምሰሶው ላይ ይወርዳል፤ በሁለት ወገን መካከል ደም ሲፈስም ጠቡን ከአባት ወደ ልጅ ያሻግረዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መንግሥት የጦር መሣሪያን በመቆጣጠር ቤተሰብን ከአደጋ ለመጠበቅ ያደረገውን ጥረት ነው። ለምርመራችን የመረጥነው ሥፍራ ከሚሴና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ይህን ሥፍራ የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነገሮች ማለትም የመንግሥት ሕግ፣ የአገር ሽማግሌ ሥርዓትና የቅርብ ጊዜ ጦርነት የተውት ፍርሃት በአንድነት የሚገኙበት በመሆኑ ነው። የምንጠይቀውም ጥያቄ ይህ ነው፤ የመሣሪያ ሕግ በጽሑፍ ላይ ሳለ ጠመንጃው ለምን በቤት ውስጥ ይቆያል?

መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር ለአንባቢ ይቀላል። አንድ አባወራ ጠመንጃውን ከቤቱ የሚያወጣው ጠመንጃው ይሠራለት የነበረውን ሥራ ሌላ የሚታመን ኃይል የተረከበለት እንደሆነ ነው። ሥራውም ሁለት ነው፤ አንደኛው ቤትንና ከብትን መጠበቅ፣ ሁለተኛው የፈሰሰን ደም መመለስ። ከዚህ በታች ይህን አሳብ በየተራ እናስረዳለን።

ሀ. አገሩና ሕዝቡ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። የዞኑ ወረዳዎች ጅሌ ጥሙጋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ደዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ሕዝቡ በብዛት ኦሮሞ ሲሆን፣ አማራና አርጎባም አብረው ይኖራሉ። ሃይማኖቱ በአብዛኛው እስልምና ነው። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ሕዝቦች የየራሳቸውን የብሔረሰብ ምክር ቤት ስለ ፈቀደ፣ ዞኑ በምክር ቤት ይተዳደራል፤ በአፋን ኦሮሞም ይሠራል።

የመሬቱ አቀማመጥ ለጉዳያችን ትልቅ ምክንያት ነው። በምዕራብ ያለው ደጋ ወደ ቦርከና ወንዝና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ይቀጥላል። በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ያመጣሉ። ገበሬና ከብት አርቢ፣ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኙበት ሥፍራ በመሆኑ ገበያው የደራ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን ሣርና ውኃ ባነሰ ጊዜ ጠብ የሚነሣው በዚሁ መገናኛ ላይ ነው። እረኛው ጠመንጃ የሚይዘውም በመጀመሪያ ስለ ከብቱ ነው።

በደቡብ በኩል ደግሞ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከሰሜን ሸዋው ከኤፍራታና ግድም ወረዳ ጋር ይዋሰናል። በዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሰንበቴና አጣዬ ጎረቤታሞች ናቸው። የሁለቱ ወረዳዎች ሰዎች ለብዙ ዘመን ተገበያይተዋል፤ ተጋብተዋልም። ይህን ማስታወስ ያስፈለገበት ምክንያት ከዚህ በታች የምንናገረው ግጭት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የተነሣ እንዳይመስል ነው።

ለ. ጠመንጃ ወደ ባላገር ቤት የገባበት መንገድ

ጠመንጃ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የታየው በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመን ነው። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጥ የያዙ ፖርቱጋሎች አስከትሎ መጣ። ይሁን እንጂ መሣሪያው በብዛት የተሠራጨው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በተለይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከታጁራና ከጅቡቲ ወደብ በሲራራ ነጋዴ እየተጫነ የመጣው ጠመንጃ እጅግ ብዙ ነበር። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ የሚነገሩ ናቸው።

በዚያ ዘመን የመሣሪያ ቁጥጥር ሲባል የታሰበው ስለ ቤተሰብ ሳይሆን ስለ መንግሥታት ነበር። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ወደ አካባቢው የሚገባውን መሣሪያ ለመቆጣጠር ተዋዋሉ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ከእነዚሁ መንግሥታት ጋር ስለ መሣሪያ ንግድ በፓሪስ ውል ተፈራረመች። የውሉ ክርክር አገሪቱ መሣሪያ የማስገባት መብት አላት ወይስ የላትም የሚል ነበር። ከወደብ ያለፈው ጠመንጃ በጎጆው ውስጥ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥቱ ራሱ በታጠቀው ባላገር ይተማመን ነበርና ነው። ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ባላገሩ ስንቁንና ጠመንጃውን ይዞ ይከተላል። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላም በየገጠሩ ጸጥታ የሚያስከብረው ነጭ ለባሽ የሚባለው የባላገር ጦር ነበር። በደርግ ዘመን ሚሊሻና የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ታጠቁ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን እጅግ ብዙ ክላሽንኮቭ በሰው እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህም የቀበሌ ሚሊሻ ሥርዓት ቀጠለ። በዚህ ዓይነት ከዘመን ወደ ዘመን መንግሥት በአንድ እጁ ጠመንጃን ሲከለክል በሌላው እጁ ሲያድል ኖሯል። ባላገሩም ከዚህ የተማረው ነገር አለ፤ ይኸውም መንግሥት ሲለወጥ ጠመንጃ ያለው ሰው ቤቱን ይዞ ይቀራል የሚል ነው። ማንኛውም የቁጥጥር ሕግ በመጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ትምህርት ጋር ነው።

ሐ. በቤተሰብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ጠመንጃ በቤተሰብ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት በሦስት መክፈል ይቻላል። ሦስቱ መንሥኤያቸው ልዩ ልዩ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ልዩ ልዩ ነው።

አንደኛው መባረቅ ነው። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከመኝታ ሥር ተሸጉጦ ሲኖር ሕፃን ያገኘዋል፤ ወይም ባለቤቱ ሲወለውለው ይተኮሳል። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ጥይት ወደ ምድር መመለሱ አይቀርም። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሞት በቸልተኝነት ሰው መግደል ይለዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ለዚህ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ይወስናል። ነገር ግን የሞተው የገዳዩ የገዛ ልጁ በሆነ ጊዜ እሥራቱ ለቤተሰቡ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ አደጋ ዋና መድኃኒት ከቅጣቱ ይልቅ የአያያዝ ደንብ ነው።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ጠብ ነው። በዚህ ጊዜ ጠመንጃው እንዲጎዳ መተኮስ አያስፈልገውም። ሚስት ባልዋ የተቀመጠበትንና ጠመንጃው የተሰቀለበትን ቦታ እያየች ቃልዋን ትመጥናለች፤ ወደ ዳኛም ከመሄድ ትታቀባለች። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም ወንጀል እንደሚያስቀጣ ገልጿል። ይህ ድንጋጌ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚሠራው አቤቱታ ሲቀርብ ነውና ጠመንጃው አቤቱታውን ራሱን የሚያስቀር መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደም ነው። አንድ ሰው ከተገደለ የሟች ወገን ደመኛ ይሆናል። ገዳዩ ቢጠፋ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ይፈለጋል። ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ኑሮ ይታወካል። ገበያ መሄድ፣ ከብት ማሠማራት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ሁሉ በጥበቃ ይሆናል። አንዱ ቤት ጠመንጃ ከገዛ ሌላውም ይገዛል። ስለዚህ አንድ ግድያ የብዙ ጠመንጃ ምክንያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

መ. መንግሥት ያወጣቸው ሕጎች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረታዊ መነሻ መሆኑንና ከኅብረተሰቡና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የጦር መሣሪያ ቁጥጥርን በዚህ አንቀጽ ብርሃን ማየት ይገባል ብለን እናምናለን። ግቡ ጠመንጃ መልቀም ብቻ ሳይሆን ቤተሰብን መጠበቅ ነውና።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 የተከለከለ የጦር መሣሪያ ንግድን ይቀጣል። በአንቀጽ 808 ደግሞ የመሣሪያና የጥይት ቁጥጥር ደንብን መተላለፍ በደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። እነዚህ አንቀጾች ለነጋዴውና ለተላላፊው ቅጣት ቢያበጁም፣ ማን መሣሪያ ሊይዝ እንደሚችል፣ በምን ዓይነት ፈቃድና በማን ተቆጣጣሪነት እንደሆነ በዝርዝር አልነገሩም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አወጣ። የአዋጁ መሠረተ አሳብ በአጭሩ መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በፈቃድ ነው የሚል ነው። ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥልጣን በዋናው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። ከዚህም ጋር አዋጁ መሣሪያ መያዝ የቆየ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ያለውን ሁኔታ ከግምት አስገብቷል። ይህ አስተዋይነት ነው። በአንድ ቀን አዋጅ የመቶ ዓመት ልማድ ወንጀል ቢባል አገር ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናልና።

ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚባለው ነገር አንድ መሠረት ይፈልጋል። ጠመንጃውን የሚያስመዘግበው ሰው ምዝገባው ነገ ለመንጠቂያ እንደማይሆንበት፣ ጎረቤቱም እንደ እርሱ እንደሚመዘገብ ማመን አለበት። አዋጁ በወጣ በዓመቱ ይህ እምነት በአካባቢው ክፉኛ ተፈተነ።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በጅሌ ጥሙጋና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ከባድ ግጭት ተነሣ። በሚያዝያም ተደገመ። በሁለቱም ወገን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ አጣዬ ተቃጠለች፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብም ተሰደደ። መንግሥት በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ አውጥቶ የጸጥታውን ሥራ በኮማንድ ፖስት ሥር አደረገ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከመንግሥት እጅ ወጥታ በኅዳር ተመለሰች። በጥር 2015 ዓ.ም. በዚያው በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ ግጭቱ እንደገና አገረሸ። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። በሐምሌም ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁም ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ቆየ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የአንድን አባወራ አሳብ እናስብ። መንገዱን የሚጠብቀው ኃይል አራት ጊዜ ተለዋውጦበታል። አንዱ ጠመንጃህን አስመዝግብ ሲለው፣ ሌላው ጠመንጃህን ይዘህ ውጣ ብሎታል። በዚህ መካከል ጠመንጃውን በጓዳው ቢያኖር ሕግን ስለ ናቀ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሕጉ የቆመበትን መሬት ስላላየ ነው።

ሠ. የጉማና የዕርቅ ሥርዓት

የመጀመሪያው የጠመንጃ ሥራ ጥበቃ ነው ብለን፣ ሁለተኛው ደም መመለስ ነው ብለናል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከጠመንጃው እጅ ለመቀበል የሕዝቡ የራሱ ሥርዓት አለው።

በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚለው ቃል ሁለት ነገርን ያመለክታል። የደም ጠቡን ራሱን፣ እንደገናም ጠቡን ለማድረቅ የሚከፈለውን ካሣ። ግድያ በሆነ ጊዜ የገዳይ ወገን ከሥፍራው ይርቃል። ሽማግሌዎች ወደ ሟች ወገን እየተመላለሱ ይለምናሉ። ጥፋቱ ከታመነ በኋላ ካሣ ይቆረጣል፤ ከብት ይታረዳል፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ይበላሉ፤ በቀል እንዳይኖርም በመሐላ ይታሰራል። በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉ የዕርቅ አባቶች አሉ። አበጋርነት በዘር ይወረሳል። የሥልጣኑም ምንጭ ሕዝቡ በምርቃታቸውና በእርግማናቸው ላይ ያለው እምነት ነው። በዚሁ ዞን ውስጥ በጥሩ ሲና የሚደረገውን የወዳጃ ጸሎትና የሽምግልና ሥርዓት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሜሮን ዘለቀ በስፋት አጥንተውታል። ከጥናቱ እንደምንረዳው ወደዚያ ጉዳዩን ይዞ የሚመጣው እስላሙ ብቻ ሳይሆን ክርስቲያኑም ነው።

ይህን ሥርዓት ከፍርድ ቤት ሥራ ጋር ብናነጻጽር ልዩነቱ ይገለጣል። በፍርድ ቤት ተከራካሪዎቹ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ናቸው። የሟች ቤተሰብ ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ ባለጉዳይ አይደለም። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ገዳዩ ታስሮ ሲፈታ ለመንግሥት ዕዳውን ከፍሏል፤ ለደመኛው ግን አልከፈለም። ስለዚህ ከእሥር ቤት በር ላይ ጠመንጃ የሚጠብቀው ሰው አይታጣም።

ሕጉ ለሟች ቤተሰብ ካሣን ጨርሶ አልረሳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2095 ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ልጆች መተዳደሪያ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ገንዘብ በወጣበት ዘመን ቁም ነገር ነበር። ዛሬ ግን ለሐዘን ድንኳን ኪራይ እንኳ የሚበቃ አይደለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቤተሰቡ ካሣውን ከሽማግሌ ዘንድ ቢፈልግ አያስደንቅም።

ነገር ግን የሽማግሌውን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስም ትክክል አይሆንም። ካሣው በብዙ ሥፍራ የሚደርሰው ለሟች ወንዶች ዘመዶች ነው፤ መበለቲቱ በሸንጎው ላይ ቃል የላትም። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ደም ለማድረቅ ልጃገረድ በጋብቻ የተሰጠችበት ጊዜ አለ። ይህም ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል የሚለውን የሕገ መንግሥት ቃል የሚቃረን ነው። ከዚህም ሌላ በባልና ሚስት ጠብ ጊዜ ሽማግሌው የሚያስቀድመው ትዳሩ እንዳይፈርስ ነው እንጂ ጠመንጃው ከቤት እንዲወጣ አይደለም። ስለዚህ ጉማ የሁለት ወገን ጠብን ሲያደርቅ በአንዱ ቤት ውስጥ ያለውን ጠብ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል።

ከሕግ በኩል በሩ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ከመደበኛው ክስ ውጭ ለሚደረግ ዕርቅ ቦታ ሰጥቷል። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ስለ ባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 240ን አውጥቷል። ይህ አዋጅ ግን ከሚሴን አይመለከትም፤ ዞኑ በአማራ ክልል ውስጥ ነውና። እንዲህም ሆኖ አንድ ዓይነት የጉማ ሥርዓት ያለው ሕዝብ በሁለት ክልል ሕግ ሥር መገኘቱ ለሕግ ተማሪ ጥሩ የምርምር ርእስ ነው።

ረ. ትጥቅ ማስፈታት የሚሳካበትና የማይሳካበት ምክንያት

የሌሎች አገሮች ልምድ አሳባችንን ያብራራልናል። በኡጋንዳ የካራሞጃ ከብት አርቢዎች ብዙ ክላሽንኮቭ ነበራቸው። መንግሥቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 መጨረሻ በፈቃድ መሣሪያ እንዲያስረክቡ ዘመቻ ጀመረ፤ 10 ሺህ ያህል ጠመንጃም ተሰበሰበ። ነገር ግን ጠባቂው ወታደር ወደ ሌላ ግንባር በተወሰደ ጊዜ ያስረከቡት ጎሣዎች ባላስረከቡት ተዘረፉ። በውጤቱም ያስረከበው ሰው ሌላ ጠመንጃ ፈልጎ ገዛ። በ2006 እንደገና የተጀመረው ዘመቻ በኃይል ስለነበረ ብዙ በደል አስከተለ። ከዚህ የምንማረው ጎረቤታሞች በአንድ ጊዜ ካልፈቱ የፈታው እንደሚጠቃ ነው።

አውስትራሊያ በበኩሏ በ1996 በፖርት አርተር ብዙ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መሣሪያን በዋጋ እየገዛች 650 ሺህ ያህል ሰበሰበች። ይህ የሆነው ሕጉ በአገሩ ሁሉ አንድ በመሆኑ፣ ዋጋውም በመከፈሉ፣ ያስረከበውም ሰው በዚያ ሌሊት ይዘረፈኛል ብሎ ባለመስጋቱ ነው። በካናዳ ደግሞ መሣሪያ ለመያዝ የሚያመለክት ሰው የትዳር ጓደኛው እንዲያውቅ ይደረጋል፤ የምትሰጋ ሚስት ቃልዋን ለመዝጋቢው ማቅረብ ትችላለች። ይህ ደንብ ትንሽ ቢመስልም ፈቃድን ከቤተሰብ ጥበቃ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ነው።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ነገሩ ከካራሞጃ ጋር ይቀራረባል። በአንድ ሜዳ ላይ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ከብትና የሚፈራው ጎረቤት አለው። ሰንበቴ ብቻውን ቢመዘገብ ሰንበቴ ይፈራል። አጣዬ ብቻውን ቢመዘገብ አጣዬ ይፈራል። ሁለቱ ተመዝግበው ወደ ቆላው የሚወስደው መንገድ ባይጠበቅ ሁለቱም ይፈራሉ። ምዝገባ በወረዳ ወሰን ሊቆም የሚችል ሥራ አይደለም፤ ፍርሃት የወረዳ ወሰን አያውቅምና።

ሰ. ማጠቃለያ

ከላይ ከተነተነው የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ፤ ከምዝገባ በፊት መንገድና ገበያ ይጠበቅ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ፣ በባቲና በሰንበቴ ገበያ ሰው ያለ ጠመንጃ ወጥቶ በሰላም የሚገባ መሆኑን ሳያይ ጠመንጃውን እንዲያሳይ መጠየቅ ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው።

2ኛ፤ ምዝገባው በአንድ ጊዜ በጎረቤት ወረዳዎች ሁሉ ይደረግ። በዞኑ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ወሎና በአፋር በኩል የታወቁ ሽማግሌዎች በሌላው ወገን ምዝገባ ላይ ታዛቢ ሆነው ቢገኙ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

3ኛ፤ ፈቃድ ሲሰጥ የቤቱ እመቤት ትጠየቅ። ጠብ ያለበት ቤት የመሣሪያ ፈቃድ አይገባውም። ጠብ ከተነሣም በኋላ ሽማግሌ ሲያስታርቅ ጠመንጃው ለጊዜው ከቤት ወጥቶ በአደራ እንዲቀመጥ የዕርቁ አንድ ቃል ቢሆን መልካም ነው።

4ኛ፤ ጠመንጃና ጥይት በልዩ ልዩ ቦታ፣ በተቆለፈ ሣጥን እንዲቀመጥ ይታዘዝ፤ በሠርግና በበዓል መተኮስም ይቅር። ይህን ፖሊስ ብቻውን አያስፈጽመውም። የመስጊዱ ኢማምና የቤተ ክርስቲያኑ አባት የኒካሕና የሠርግ ቀን አስቀድመው ቢናገሩት የበለጠ ይሰማል።

5ኛ፤ ፍርድና ዕርቅ ይገናኙ። ዳኛው ሲፈርድ የጉማው ዕርቅ የት እንደ ደረሰ ይጠይቅ፤ ሽማግሌውም ሲያስታርቅ መበለቲቱና ልጆቿ ከካሣው የሚደርሳቸውን ለይቶ ይወስን። ልጃገረድን በካሣነት መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የ1,000 ብሩም ወሰን እንደገና ይታይ።

የእነዚህ አሳቦች ሁሉ መሠረት አንድ ነው። ጠመንጃ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ሥራ ስላለው ነው። ሥራውን ሳይረከቡ ጠመንጃውን ለመረከብ የተሞከረ እንደሆነ፣ ያስረከበው ሰው ሌላ ጠመንጃ ሲገዛ፣ ያላስረከበው ደግሞ ከመሬት ሲቀብረው እንደሚታይ ታሪክ ያስተምረናል። በሌላ በኩል እንደ ልማድ ነው ብሎ መተውም ልጅን በመባረቅ፣ ሚስትን በማስፈራራት፣ ወንድምን በደም መንገድ ማጣትን መፍቀድ ነው።

በኮሌጁ ያሉ የሕግ፣ የታሪክና የኅብረተሰብ ጥናት ተማሪዎች ጉዳዩን በየበኩላቸው ቢቀጥሉበት ጥቅሙ ብዙ ነው። በተለይ ከፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ በመሣሪያ የተፈጸሙትን ግድያዎች በመባረቅ፣ በቤት ጠብና በደም ብሎ ለይቶ መቁጠር፣ ከእያንዳንዱም በኋላ ዕርቅ መደረጉንና መበለቲቱ ምን እንዳገኘች መመርመር አንድ ተማሪ በአንድ ክረምት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና አፋርኛ የሚያውቁ ተማሪዎች በአንድነት ቢሠሩት ደግሞ የሁሉንም ወገን ቃል በየቋንቋው ለመስማት ይቻላል።